ከሄምፕ በፊት ቃጫችንን እንይ

ለአዘጋጁ፦

ለቃጫው ከሚለማው ሄምፕ ከተባለው ተክል ተረፈ ምርት ናኖሴሉሎስ፣ ማለትም እጅግ የደቀቀ ሴሉሎስ (የዕፅዋት ቃጫ ዋና ንጥረ ነገር)፣ ስለ ማምረት ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤ ሐሳቡን ደግፌዋለሁ። ቃጫው ከአገዳው ከተላጠ በኋላ የሚቀረው እንጨት መሰል ገለባም ሴሉሎስ አለው፤ መጣል የለበትም።

ለእኛ ለሐዋሳዎች ግን የሚቀርበን ጥሬ ዕቃ ሌላ ነው። ሄምፕ የካናቢስ ወገን ስለሆነ የሕግ ጣጣው ቀላል አይደለም። እንሰት ግን ጓሯችን ውስጥ አለ። የሲዳማ እናቶች እንሰቱን ጣውላ ላይ አስደግፈው ሲፍቁት ቆጮ የሚሆነው ይወርዳል፣ ነጩ ቃጫ ይቀራል። ረጅሙ ለገመድ ይሸጣል። አጭሩንና የተቆራረጠውን ማን ዞር ብሎ ያየዋል? ለናኖሴሉሎስ ግን ርዝመቱ ያን ያህል ለውጥ አያመጣም፤ ውፍረቱ ከ100 ናኖሜትር (አንዱ ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው) በታች እስኪሆን መተርተሩ አይቀርምና።

ሌላው ጉዳይ ውሃ ነው። በሰልፈሪክ አሲድ የሚሠራበት መንገድ ብዙ ማጠቢያ ውሃ ይፈልጋል። ሐዋሳ ሐይቅ ደግሞ መውጫ ወንዝ የለውም፤ የገባበት ቆሻሻ እዚያው ይከማቻል። ቃጫውን በማሽን ግፊት የሚተረትረው ዘዴ መብራት ቢበላም ለእኛ ይሻላል። እሱም ቢሆን ሊግኒኑን (ከሴሉሎሱ ጋር ተጣብቆ ተክሉን የሚያጠነክረውን ንጥረ ነገር) ለማስወገድ ኬሚካል ስለሚጠቀም ፍሳሹ ሳይጣራ መለቀቅ የለበትም።

ስለዚህ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ እንሰት ከሚፍቁ ሴቶች አጭሩን ቃጫ በኪሎ እየገዛ በትንሹ ይሞክር። የመጀመሪያው ምርትም የካርቶን ማጠንከሪያ ይሁን፤ ለመድኃኒት የሚጠየቀው ዓይነት ንጽሕና አያስፈልገውም።

አንድ አንባቢ፣ ከሐዋሳ