ያደረ ዳቦ እንዳንበላ፦ ግልጽ ደብዳቤ ለባህልና ስፖርት ሚኒስቴር

ይድረስ ለባህልና ስፖርት ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ከቼክኛ፣ ከፖላንድኛና ከመሳሰሉት ቋንቋዎች በቀጥታ ወደ አማርኛ መተርጎም የሚችሉ ሰዎች እንዲታሰቡ ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ።

«ፖላንዳዊ ጋዜጠኛ» ሲባል እኛ አገር ቶሎ ትዝ የሚለው ሪሻርድ ካፑሽቺንስኪ ነው። ስለ ጃንሆይ ቤተ መንግሥት የጻፈው መጽሐፍ ስንቱን እንዳጨቃጨቀ ታውቃላችሁ። እኔ ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ሌላ ፖላንዳዊ ጋዜጠኛ ነው። አንድዤይ ያጎጂንስኪ ይባላል። የቼክ ሥነ ጽሑፍ ተርጓሚ ነው። እዚህ ስሙን የሚያውቅ ሰው ብዙ አይመስለኝም። የሥራ ታሪኩን ሳነብ ግን ደጋግሜ የታሰበኝ የእኛው ቤት ነው።

ያጎጂንስኪ የተወለደው በ1954 ነው። (ዓመታቱም ቀኖቹም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ዋርሶ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የስላቭ ቋንቋዎችን አጠና፤ ቼክኛ ላይ ቀረ። ምርጫው ለብዙ ፖላንዳዊ የሚያስቅ ነው። ቼክኛ ለፖላንዳዊ ጆሮ የሕፃን አፍ ይመስላል። ቼኮቹም በተራቸው ፖላንዳዊ ሲያወራ ምላሱ የተያዘ እየመሰላቸው ይስቃሉ። ቋንቋዎቹ ስለሚመሳሰሉ ወጥመዱም የዚያኑ ያህል ነው። አንድ ፖላንዳዊ «ዛሁት» ቢል ምዕራብ ማለቱ ነው። ቼኩ ዘንድ ያው ቃል ሽንት ቤት ነው! ፕራግ ዳቦ ቤት የገባ ፖላንዳዊ «ቼርስትቪ» የሚል ጽሑፍ ቢያይ፣ በእሱ ቋንቋ የደረቀ፣ ያደረ ዳቦ ማለት ነው። በቼክኛ ትኩስ ማለት ነው። «ዘመዳሞች አይደሉ እንዴ» ብሎ የናቀ ተርጓሚ ለአንባቢው ያደረ ዳቦ ያቀርባል።

ከቋንቋው በላይ ቂምም ነበር። በ1938 ፖላንድ ከቼኮዝሎቫኪያ ድንበር ላይ መሬት ቆርሳ ወስዳለች። በነሐሴ 1968 ደግሞ ሶቪየቶች ፕራግን ሊያንበረክኩ ሲዘምቱ የፖላንድ ጦር አብሮ ገብቷል። እንዲህ ያለ ነገር በአንድ የወዳጅነት ግብዣ አይፋቅም።

ቂሙን ቀስ በቀስ ያለሰለሰው ንባብ ነው ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም። በ1978 ክረምት የሁለቱ አገር ተቃዋሚዎች ድንበር ላይ ባለው ተራራ፣ እንደ ተራ ተጓዥ ተመስለው ተገናኙ። ቼኩ ጸሐፊ ቫትስላቭ ሃቨል ከመሀላቸው ነበር። ከዚያ በኋላ ስለ አቅመ ቢሶች አቅም የሚናገረውን ትልቁን ድርሰቱን ጻፈ። ድርሰቱ ፖላንድ ተሻገረና ዋርሶ ዳርቻ የነበረው የኡርሱስ ትራክተር ፋብሪካ ድረስ ዘለቀ። ከሠራተኞቹ አንዱ የነበረው ዝቢግኒየቭ ቡያክ፣ ተስፋ ሊቆርጡ በነበረበት ሰዓት ያ ጽሑፍ እንደደረሰላቸው ኋላ ተናግሯል። የትራክተር ሠራተኛ ከየት አምጥቶ ቼክኛ ያነባል? ሌሊት የተረጎመለት ሰው ነበረ።

ያጎጂንስኪም የዚህ ዓለም ሰው ነበር። ከሳንሱር ተደብቀው ከሚያሳትሙት ጋር ሠራ። በ1988 ከአገራቸው ተሰደው ከሚኖሩ የቼክ ጸሐፊዎች ጋር ያደረጋቸውን ቃለ ምልልሶች አሰባስቦ «ባኒቲ» በሚል ርዕስ አወጣ፤ «የተባረሩት» እንደማለት ነው። ሰዎቹ በገዛ አገራቸው ስማቸው እንዳይነሳ የተከለከሉ ነበሩ። ጎረቤት አገር ያለ አንድ ተርጓሚ ነው እየዞረ ያናገራቸው።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። በ1989 ሥርዓቱ ተቀየረ። አዲሱ የፖላንድ መንግሥት እነዚህን የመጽሐፍ ትሎች ምን አደረጋቸው? ሥራ ሰጣቸው። ያትሴክ ባሉኽ የሚባሉትን የክራኮፍ የቼክ ሥነ ጽሑፍ ምሁርና ተርጓሚ በ1990 አምባሳደር አድርጎ ፕራግ ላከ። ያጎጂንስኪን መጀመሪያ የላከው ጋዜጣ ነው፤ ገና በ1989 የተቋቋመው ጋዜታ ቪቦርቻ የፕራግ ዘጋቢው አደረገው። ቼክና ስሎቫክ በ1993 መጀመሪያ ላይ በሰላም ሲፋቱ፣ ለፖላንድ አንባቢ የሚያወራው ሰው የሁለቱንም ወገን ቀልድ ሳይቀር የሚሰማ ነበር። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ቀልዳቸው የማይገባህን ሕዝብ ጭቅጭቁንም አትረዳውም።

ከዚያ መንግሥት ራሱ ወሰደው። ፕራግ ያለውን የፖላንድ ኢንስቲትዩት፣ ማለትም የባህል ማዕከሉን፣ መራ፤ ኋላም ብራቲስላቫ ያለውን። በመሀል፣ ከ2003 እስከ 2006፣ የዓለም አቀፍ ቪሼግራድ ፈንድ ዋና ዳይሬክተር ነበር። ፈንዱ የፖላንድ፣ የቼክ፣ የስሎቫኪያና የሃንጋሪ የጋራ ኪስ ነው። አርቲስቱም ተማሪውም ድንበር እየተሻገረ አብሮ እንዲሠራ ገንዘብ ይሰጣል። አራቱ አገሮች በአንድ ቀን፣ ግንቦት 1 ቀን 2004፣ የአውሮፓ ኅብረት አባል ሲሆኑ ያንን ወንበር ይዞ የነበረው ይኸው ሰው ነው።

ደግሞ መተርጎሙን አልተወም። እኔን በጣም የሚገርመኝ ዮሴፍ ሽክቮሬትስኪን ወደ ፖላንድኛ መመለሱ ነው። ሽክቮሬትስኪ ከ1968 በኋላ ወደ ካናዳ የተሰደደ ቼክ ነው። ከባለቤቱ ጋር ቶሮንቶ ውስጥ ማተሚያ ቤት ከፍተው፣ አገር ቤት የታገዱ መጻሕፍትን ያሳትሙ ነበር። ስለ «ነፍስ መሐንዲሱ» የጻፈው ትልቅ ልቦለድ ውስጥ ስደተኞቹ የሚያወሩት ቼክኛ በእንግሊዝኛ የተለወሰ ነው። እንግሊዝኛው ቃል የቼክኛ ቅጥያ ተለጥፎበት፣ በቼክ አጻጻፍ ተጽፎ ይመጣል። ዋሽንግተን ዘመድ ያለው ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። «ካሬን ፓርክ አድርጌ መጣሁ፣ ነገ አፖይንትመንት አለኝ» የሚለውን አማርኛ አስቡት። ይህን ወደ ንጹሕ ጽሑፍ ብትመልሰው ሰውየው ይሞታል። እንዳለ ብትተወው አንባቢው ግራ ይጋባል። ያጎጂንስኪ ይህን በፖላንድኛ ተወጣው። መጽሐፉ በ2009 ቭሮትስዋፍ ከተማ የሚሰጠውን የአንጌሉስ ሽልማት አሸነፈ። ሽልማቱ ለማዕከላዊ አውሮፓ ጸሐፊዎች በፖላንድኛ ለወጣ ሥራ ነው። ተርጓሚ ባይኖር ዳኞቹ ምን ያነቡ ነበር?

«ታዲያ እኛን ምን አገባን?» ትሉ ይሆናል። ያገባናል።

የሐበሻ ጀብዱን ያላነበበ አለ? አዶልፍ ፓርለሳክ የሚባል ቼክ፣ በጣልያን ወረራ ጊዜ ከራስ ካሳ ጦር ጋር ሆኖ ያየውን ጻፈ። መጽሐፉ ቼክኛ በመሆኑ ለረጅም ጊዜ ለእኛ ዝግ ነበር። የገዛ አባቶቻችን ታሪክ! ተጫነ ጆብሬ መኮንን ወደ አማርኛ መለሱት፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቁታላችሁ። ታክሲ ውስጥ ሳይቀር ሲነበብ አይቻለሁ። አንድ ሰው ቼክኛ ስለቻለ ነው ይህ ሁሉ።

እንዲህ ያሉ ሰዎች አሁንም አሉ። በደርግ ጊዜ ብዙ ወጣት ለትምህርት ወደ ቼኮዝሎቫኪያ፣ ፖላንድ፣ ሃንጋሪና ቡልጋሪያ ተልኳል። ሰፈራችን ውስጥ ጋሼ የምንላቸው አንድ ጡረተኛ መሐንዲስ አሉ፤ የተማሩት ብርኖ ነው። ጠዋት ጠዋት ቡናቸውን ይዘው፣ ሲናርላይን ደብተር ላይ የቦሁሚል ህራባልን ልቦለድ ይተረጉማሉ። የእንግሊዝን ንጉሥ ስላስተናገደው የሚለውን። እዚያ መጽሐፍ ውስጥ የእኛ ንጉሠ ነገሥት ፕራግ ሆቴል ገብተው ግብር ያበላሉ። ግመል ሙሉውን ይጠበሳል፤ ግመሉ ውስጥ አጋዘን፣ አጋዘኑ ውስጥ ተርኪ የሚባለው የፈረንጅ ዶሮ። ትንሹ አስተናጋጅ ዕድሜ ልኩን «እኔ የአቢሲኒያን ንጉሠ ነገሥት ያስተናገድኩ ነኝ» እያለ ይኮራል። ፈጠራ ነው፤ ግን ስለ እኛ ነው። ፖላንዶች በያን ስታኾቭስኪ ትርጉም አንብበውታል። እኔ በአማርኛ አላገኘሁትም።

አንድ ቀን ጋሼ «ይሄን የአስተናጋጆች አለቃ ምን ልበለው?» አሉኝ። እኔ ሞኙ «ሄድ ዌይተር» አልኩ። ዝም ብለው አዩኝና «ንጉሥ ግብር በሚያበላበት አዳራሽ?» አሉ። ደብተሩ ላይ ሲጽፉ አየሁ፦ «የአሳላፊዎች አለቃ»። በእንግሊዝኛ በኩል ዞሮ የሚመጣ ትርጉም እዚህ ቃል ላይ የሚደርስ አይመስለኝም።

ጋሼ አንድ ጊዜ ደብተራቸውን ይዘው አንድ ቢሮ ሄደው ነበር። የትኛው እንደሆነ ይቅር። «በየትኛው በጀት ኮድ እናስገባው?» ተባሉ። እየሳቁ ነው የነገሩኝ፤ ዳግመኛ ግን አልሄዱም።

ክቡራን ሆይ፣ ትልቅ ገንዘብ አልጠይቃችሁም። የቼክ የባህል ሚኒስቴር የቼክ መጻሕፍትን የሚያስተረጉሙ የውጭ አሳታሚዎችን ይደጉማል። ክራኮፍ ያለው የፖላንድ የመጽሐፍ ኢንስቲትዩትም እንዲሁ። ሁለቱም አገሮች አዲስ አበባ ኤምባሲ አላቸው። ድጎማውን የሚጠይቀው አሳታሚው ነው፤ ከመብቱ ባለቤትና ከተርጓሚው ጋር የገባውን ውል አያይዞ። የእኛ አሳታሚ ግን በወረቀት ዋጋ ተንገላቶ፣ ለመብት የሚከፍለው የውጭ ምንዛሪ ከየት እንደሚያመጣ ጨንቆት፣ ይህን ደጅ ማንኳኳት እንደሚቻል እንኳ ላያውቅ ይችላል። ከእናንተ አንድ ሰው ይመደብለት። ፎርሙን የሚያውቅ፣ ስልክ የሚያነሳ፣ የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍ።

ከዚያ በፊት ደግሞ መዝግቡልን። ቼክኛ ማን ያውቃል? ፖላንድኛስ? ሃንጋሪኛ? አብዛኞቹ ዛሬ ጡረታ ላይ ናቸው። በሬዲዮና በጋዜጣ አንድ ጥሪ ቢነገር ራሳቸው ይመጣሉ። አንዳንዶቹ ልክ እንደ ጋሼ ትራሳቸው ሥር ደብተር አላቸው። ከመሀላቸው ለኤምባሲ የባህል ሥራ የሚሆን፣ ወጣት የሚያስተምር አይጠፋም። ፖላንዶች ተርጓሚያቸውን ወንበር ላይ ሲያስቀምጡ ውለታ እየዋሉለት አልነበረም፤ ጎረቤታቸውን ከእሱ በላይ የሚያውቅላቸው ስላልነበረ ነው።

ጋሼ ሦስተኛው ደብተር ላይ ደርሰዋል። ባለፈው ሳምንት ስጠይቃቸው ግብሩ አልቆ፣ አንዲት የወርቅ ማንኪያ ጠፍታ፣ ትንሹ አሳላፊ ተጠርጥሯል። ማንኪያዋ ገና አልተገኘችም።

ከአክብሮት ጋር
አንድ አንባቢ፣ አዲስ አበባ