ቆርቆሮ ጣራ ስር የታፈነው ሙቀት

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣ የምጽፈው ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ነው። አምና በግንቦትና በሰኔ ሙቀት ቤት ውስጥ መተኛት አቅቶን ልጆቹን ይዘን በረንዳ ላይ ነበር የምናድረው፣ ማታ አራት ሰዓት ላይ እንኳ ኮርኒሱን በእጄ ስነካው ይሞቃል፣ ቬንትሌተሩም ያንኑ ትኩስ አየር ነው የሚያሽከረክረው። ለካ ኮርኒሱ ሲሠራ ዙሪያውን ጥርቅም ተደርጎ ተዘግቷል፣ ታዲያ ቆርቆሮው ስር የታመቀው ሙቀት በየት ይውጣ?

ዘንድሮ ግራና ቀኝ ወንፊት ሽቦ ያለው ቀዳዳ አስከፈትኩና ከቆርቆሮው ስር የሚያብረቀርቀውን ፎይል አስወጠርኩ፣ ልጆቹ ይኸው አልጋቸው ላይ ተኙ። ፎይሉ ግን ቆርቆሮውን ከነካ ዋጋ የለውም፣ ሙቀቱን ያስተላልፈዋል፣ ሁለት ጣት ያህል ክፍተት ይፈልጋል። ሙቀት እንዲከላከል ኮርኒስ ውስጥ ፎም የምታስገቡም እባካችሁ ከመብራት ሽቦ አርቁት፣ ቶሎ ይቀጣጠላል።

ሐረር ጀጎል ውስጥ ያሉት የድሮ ቤቶች በወፍራም የድንጋይ ግድግዳቸው ቀን ቀዝቀዝ ይላሉ፣ እኛ በብሎኬትና በቆርቆሮ እየሠራን ይሄን ረሳነው። የግንባታ ፈቃድ የምትሰጡ ሰዎች ፕላን ስታዩ የኮርኒሱ አየር ማስወጫ የት ነው ብላችሁ ጠይቁልን፣ ቤቱ ካለቀ በኋላ ማስከፈት ወጪው ከባድ ነው።