ሐምሌ ላይ ብር አትጠብቁ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ውድ አባዬ፣

እንደምን ከረማችሁ? የእማዬ ጉልበት እንዴት ሆነ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ባለፈው በስልክ የጀመርነውን ወሬ መስመሩ እየተቆራረጠ አበላሸብን። ደግሞ የሂሳብ ነገር በስልክ አያልቅም። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጻፍልህ አልኩ። እህቴ በቴሌግራም ሲደርሳት ፕሪንት አስደርጋ ታምጣልህ። መነጽርህን አድርገህ ቀስ ብለህ አንብበው።

መጀመሪያ ያንተን ጥያቄ ልመልስ። "ፓርኪንጉን ትቶ ሳር ያጭዳል አሉ" ብለኸኛል። እውነት ነው። ዕድር ላይ ሰው ምን እንደሚል አይጠፋኝም። አካውንቲንግ የተማረ ልጅ፣ አሜሪካ ድረስ ሄዶ፣ ሳር አጫጅ! ለሚጠይቅህ ሁሉ "የራሱን ሥራ ጀመረ" በላቸው። ውሸት አይደለም። ድርጅቱ ተመዝግቧል፣ ኢንሹራንስ አለው፣ የፒክአፑ በር ላይ ስልክ ቁጥሬ ተለጥፏል።

እዚህ አገር ሳር ቀልድ አይደለም። እኔ ያለሁበት ሞንጎመሪ ካውንቲ፣ ሳሩን ከ12 ኢንች፣ ማለትም ከ30 ሳንቲም በላይ ያስረዘመ ሰው ማስጠንቀቂያ ይመጣበታል። ብዙ ጊዜ የሚጠቁመው ጎረቤት ነው። እማዬ ለእንቁጣጣሽ ጉዝጓዝ ስትከራከር ትዝ ሲለኝ ሳቄ ይመጣል። እናንተ ሳሩ ቤት እንዲገባ ትከፍላላችሁ፤ እነዚህ ደግሞ ታጭዶ ከዓይናቸው እንዲጠፋ። "ለከብት አይሸጥም ወይ?" ላልከኝ፣ አይሸጥም። ማሽኑ አድቅቆ እዚያው ይበትነዋል፣ በስብሶ ለራሱ ለሳሩ ማዳበሪያ ይሆናል።

ማሽኑን የገዛሁት በዕቁብ ነው። አዎ፣ እዚህም ዕቁብ አለን፤ ሰብሳቢዋም እንደ አዳማዎቹ ኃይለኛ ናት። ከኋላው እየሄድክ የምትነዳው ያገለገለ ማጨጃ፣ አንድ የጠርዝ መቁረጫና አንድ ትንሽ ተሳቢ ገዛሁ። የታጨደውን ከእግረኛ መንገድ ላይ በንፋስ የሚጠርገውን ብሎወር ግን አዲስ መግዛት ግድ ሆነብኝ። ካውንቲው በቤንዚን የሚሠራውን ከጁላይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ከልክሏል፤ ጩኸቱ ሰው አስመርሯል። ዋሽንግተንማ ከ2022 ጀምሮ ነው የከለከለችው። የባትሪው ጸጥ ያለ ነው፤ ግን ሁለት ግቢ ሳይጠርግ ይደክማል፣ መለዋወጫ ባትሪው ደግሞ ኪስ ያራቁታል። ያገለገለ የቤንዚን ብሎወር በርካሽ ካልሸጥንልህ የሚለኝ ሰው በዝቶ ነበር። ለምን እንደረከሰ አሁን ይገባሃል።

ሥራውን ያስተማረኝ አንድ የኤልሳልቫዶር ሰው ነው። አምና ቅዳሜ ቅዳሜ አብሬው እየዋልኩ ለመድኩ። እሱ ያለው ሁለት ነገር ብቻ ነው። አንደኛው፣ ቢላዋውን ቶሎ ቶሎ ሞርድ። የደነዘ ቢላዋ ሳሩን አይቆርጠውም፣ ይቦጭቀዋል። በነጋታው ጫፉ ነጥቶ ከመንገድ ላይ ይታያል። ሁለተኛው፣ ከቁመቱ ሲሶ በላይ በአንዴ አትቁረጥ፤ ሦስት አራት ኢንች አስቀርለት። ደንበኛው "አሳጥረው፣ ሁለት ሳምንት ይቆይልኝ" ይላል። አትስማው። ያጠረ ሳር ሥሩም ያጥራል፣ ፀሐይ ሲመጣ ቀድሞ የሚቃጠለው እሱ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፣ ወደ ሰማዩ።

እናንተ አሁን ጭቃ ላይ ናችሁ። እዚህ ደግሞ የሙቀቱ ወር ነው። ሙቀት ስልህ የአዳማውን ደረቅ ሙቀት እንዳይመስልህ። ወበቅ ነው፤ ሸሚዝህ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ሳይሆን ጀርባህ ላይ ይጣበቃል። የእዚህ አካባቢ ሳር ቶል ፌስኪው ይባላል። አንተ ወንጂ ላይ ዕድሜህን ሙሉ አገዳ ውሃ ስታጠጣ የኖርክ ሰው ነህ፣ ስለዚህ ይህን ላንተ ማስረዳት አይከብደኝም። አገዳ ሙቀትና ውሃ ካገኘ ይመነጠቃል። ይህኛው ግን የቅዝቃዜ ወዳጅ ነው። ሚያዝያና ግንቦት ላይ ዓይንህ እያየ ያድጋል፤ በየሳምንቱ ካልታጨደ አይሆንም። ሙቀቱ ሲጠና ግን ዕድገቱን ይቀንሳል፣ ዝናብ ካጣም ጭራሽ ያቆማል። መስከረም ላይ አየሩ በረድ ሲል እንደገና ይነሳል።

እንግዲህ የኔ ገቢ በዚህ ሳር ላይ ነው የተንጠለጠለው። ለአንድ አነስተኛ ግቢ 50 ዶላር ገደማ አስከፍላለሁ። ሳሩ ሲያድግ ገንዘብ አለ። ሲተኛ የለም። የሞጆው አጎቴ ጤፉን ለመዝራት ሐምሌ ላይ ሰማይ ሰማይ እያየ ሲማረር እንዴት እንደምስቅበት ታስታውሳለህ? ተራው የኔ ሆነ።

ዝናብ ሲበዛ ደስ ይለዋል ብለህ ታስብ ይሆናል። እሱም መዘዝ አለው። ከሰዓት በኋላ ድንገት ይጠቁርና መብረቅና ዶፍ ያወርዳል፤ ስልኬ ጠዋት "40 በመቶ" ብሎኝ ነበር። አርባ በመቶ ምን ይሠራልኛል? ልሂድ ወይስ ልቅር? እርጥብ ሳር ላይ ማሽን ብትነዳ ጎማው መሬቱን ያርሰዋል፣ ሳሩም እየተጠቀለለ በየቦታው ይከመራል። ባለፈው እምቢ ብዬ ገባሁና ማሽኑ አቃስቶ ቆመ። ካንዴላውን ፈትቼ፣ ሆዱን ወደ ላይ አድርጌ ሳየው፣ ቢላዋው አይታይም። አረንጓዴ ሊጥ ሞልቶበታል። በመፋቂያ እየቆረስኩ አወጣሁት፤ እጄ ላይ ሲደርቅ በሳሙናም አልለቅ አለ። ሽታው ግን አይጠላም። ወንጂ አገዳ ሲቆረጥ የሚሸተውን አስታወሰኝ።

ሦስት ቀን ዘንቦ በአራተኛው ስትሄድ ደግሞ ሳሩ ጉልበት ሊደርስ ምንም አይቀረውም። ሲሶውን ብቻ ቁረጥ ተብያለሁ። ስለዚህ አንዴ ከፍ አድርጌ፣ ከዚያ ዝቅ አድርጌ፣ ሁለት ጊዜ እመላለሳለሁ። ሥራው እጥፍ፣ ክፍያው ያው። ሰኔ ላይማ ሰኔና ሰኞ ገጠመብኝ፤ ዝናቡ አላቆም ሲል የማሽኑ ቺንጋ ተበጠሰ፣ በዚያው ሳምንት አብሮኝ የሚሠራው የአሰላ ልጅ ወገቡ ተያዘ።

ድርቅ ሲሆን ደግሞ ስልኩ ይጀምራል። "በዚህ ሳምንት አትምጣ።" "እስክደውልልህ ቆይ።" አንዷ ደንበኛዬ ጭራሽ ሳሬን ገደልክብኝ ብላ ቆማ ጠበቀችኝ። ግቢዋ እንደ ጭድ ቢጫ ሆኗል። ተንበርክኬ በቢላ ቆፈር አድርጌ አንድ ጭብጥ አወጣሁና ሥሩ የሚጀምርበትን ቦታ ፈልቅቄ አሳየኋት። ነጭ ነው፣ ስትጫነው ይጠነክራል። "ተኝቷል እንጂ አልሞተም" አልኳት። አላመነችኝም። ቧንቧ ከፍታ ስታጠጣ ሰነበተች። ሁለት ዝናብ ሲጥልበት ያጠጣችውም፣ የጎረቤቷ ያልጠጣውም አብረው አረንጓዴ ሆኑ። ይቅርታ አልጠየቀችኝም፤ ግን "በሚመጣው ሳምንት ና" አለችኝ። ይበቃኛል።

እና መላው ምንድን ነው ትለኛለህ። እዚህ የቆዩት ሰዎች ሒሳቡን ከሰማዩ ያላቅቁታል። በየእጨዳው ከማስከፈል ይልቅ፣ ከኤፕሪል እስከ ኖቬምበር ያለውን ሥራ ሁሉ ደምረው ለስምንት ወር እኩል ያካፍሉታል። ደንበኛው ዘነበም አልዘነበም ያቺኑ ይከፍላል። ግማሽ ያህሉ ደንበኞቼ እሺ ብለውኛል። የቀሩት "ላላጨድከው አልከፍልም" አሉኝ። አልፈርድባቸውም፤ አንተም ብትሆን አትከፍልም ነበር። ከዚህ ሌላ ዓርብን ባዶ አድርጌ እይዛለሁ። ከሰኞ እስከ ሐሙስ ዝናብ የነጠቀኝን ዓርብ አካክሳለሁ። ሩቅ ደንበኛም አልይዝም። ሁሉም በአንድ ሰፈር ካልሆኑ ትርፉ ቤንዚን ላይ ያልቃል። ሳሩ ሲተኛ ደግሞ ቁጥቋጦ እከረክማለሁ፣ አረም እነቅላለሁ፣ የአበባ መደብ ላይ የተፈጨ እንጨት አለብሳለሁ።

ማዳበሪያ መበተን ጥሩ ያስገኛል። ግን ለሌላ ሰው ግቢ ለመበተን ከግዛቱ ግብርና መሥሪያ ቤት ፈቃድ ያስፈልጋል። ከባድ ዝናብ ይጥላል ከተባለም መበተን በሕግ ክልክል ነው፤ ታጥቦ ቼሳፒክ የሚባለው ባሕረ ሰላጤ ውስጥ እየገባ ውሃውን አበላሽቷል። ፈተናውን ለሚመጣው ዓመት እያጠናሁ ነው።

እዚህ ጋ ስትደርስ ለእማዬ ጮክ ብለህ አታንብብላት። መዥገር አለ። የሰው ላይ ይለጠፋል፣ በሽታም ያስተላልፋል። ረጅም ካልሲ አደርጋለሁ፣ ማታ ማታ ገላዬን አያለሁ። እስካሁን ደህና ነኝ። ፀሐዩንም በጠዋት ጀምሬ ነው የማመልጠው። አሁን ጮክ ብለህ ቀጥል፣ አለዚያ "ምን አለ? ምን አለ?" ማለቷ አይቀርም።

የናንተን ጉዳይ ልንገርህ። ፓርኪንግ እያለሁ ደመወዜ ቋሚ ስለነበር በየወሩ እልክ ነበር። ከአሁን ወዲያ እንደዚያ አይሆንም። ሚያዝያ፣ ግንቦትና ሰኔ ጥሩ ነበሩ፤ የላክሁላችሁም ከዚያ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ያዝ ለቀቅ ነው፤ ምንም አትጠብቁ፣ ከመጣ እሰየው። ከነሐሴ መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ መሬቱን መብሳትና አዲስ ዘር መዝራት አለ። ለዚህ ሳር ከዚያ የተሻለ የመዝሪያ ጊዜ የለውም፣ ክፍያውም ከእጨዳ ይበልጣል። ጥቅምትና ኅዳር የወደቀ ቅጠል መጥረግ ነው። ከዚያ እስከ መጋቢት ሳር የለም። በረዶ ከጣለ በረዶ እጠርጋለሁ፣ ግን እዚህ በረዶውም አይታመንም። አንዳንድ ዓመት እዚህ ግባ የሚባል አይጥልም። ስለዚህ በዚያ ወራት ታክሲ እነዳለሁ።

የእማዬ መድኃኒት ከዚህ ሂሳብ ውጭ ነው። እሱን በየወሩ ከማሽኑ በፊት ነው የማወጣው። የእህቴ የትምህርት ክፍያም ተቀምጧል፣ ጳጉሜን ሳይገባ ይደርሳችኋል።

የሰርቪስ ቤቱ ግን ይቆይ። ግንበኛው "አሁን እንጀምር" እያለ እንደሚጎተጉትህ እህቴ ነግራኛለች። ብር ይመጣል ብለህ ከማንም እንዳትበደር፣ በተለይ ከዚያ ከወለድ አበዳሪው ጎረቤታችን። ስሚንቶም ከአሁኑ ገዝታችሁ እንዳታስቀምጡ፤ በዚህ እርጥበት ጆንያው ውስጥ ይደርቃል። ብሎኬቱ ግን ዋጋው ሳይጨምር ይገዛ፣ ዝናብ አይጎዳውም። ለእሱ የሚሆነውን ባለፈው ከላክሁት ላይ አንሳ። መሠረቱን ጥቅምት ላይ አስጀምር፣ መሬቱም ይደርቃል፣ የኔም እጅ ይፈታል። ለጣሪያው ኅዳር ላይ እንነጋገር።

ግንበኛው በጥቅምት ካልተስማማ ሌላ ፈልግ፤ አዳማ ግንበኛ አልጠፋም። ቀብድ ከመስጠትህ በፊት ግን ደውልልኝ። እሁድ ይሁን፣ በሌላው ቀን ማሽን ላይ ስለሆንኩ ስልኩን አልሰማውም።

ልጅህ