ቡናችንን በማስታወቂያው ልክ አትስፉልን

ለተከበረው የዝግጅት ክፍል፤

ባለፈው የበዓል ዕትማችሁ ስለ ቡና ሥርዓት የወጣውን ባለሙሉ ገጽ ጽሑፍ አነበብኩት። ርዕሱም አቀራረቡም እንደ ሌሎቹ ጽሑፎቻችሁ ነው። መጨረሻው ላይ ግን ቡና ቆልቶ፣ ፈጭቶና አሽጎ የሚሸጥ ድርጅት ስምና ስልክ ቁጥር ተቀምጧል። ማስታወቂያ ነው ለካ! እሱን እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ስለ ፎቶው ላውራ።

ፎቶው ያው የታወቀው ነው። ጥለት ያለው ነጭ ቀሚስ የለበሰች ቆንጆ ልጅ፣ ረከቦት፣ ቄጠማ፣ የተቆለለ ፈንድሻ፣ የሚጨስ ዕጣን። ጀበናው ከፍ ብሎ ይንቆረቆራል፣ አያት ፈገግ ይላሉ። የዘይትም ይሁን የባንክ፣ የሳሙናም ይሁን የሞባይል ማስታወቂያ ይኸው ነው። ስሙም «ባህላችን» ነው።

የማን? እኔ የምጽፍላችሁ ከጅማ ነው። የቡና መገኛ ናት የምንላት ጮጬ ያለችው እዚሁ ጎማ ወረዳ ነው። እዚህ ቡና በጨው የሚጠጣበት ቤት አለ። ጤና አዳም ጣል የሚደረግበትም አለ። ወደ ገጠር ወጣ ብትሉ ደግሞ ጀንፈል ቡና ከነቅርፊቱ በቅቤ ታምሶ ይቀርባል፤ ቡና ቀላ ይሉታል፣ የቀመሰ ያውቀዋል። የቡና ቁርሱ የተቀቀለ ጎደሬ ወይም የተቆላ በቆሎ ነው። የምታፈላዋ ሴት ሻሿን አስራ፣ የቤት ቀሚሷን እንደለበሰች ነው፤ ብዙ ጊዜም ሙስሊም ናት። ይህችን ሴት በየትኛው ማስታወቂያ ላይ አያችኋት?

ማስታወቂያ ነው፣ ምን አለበት ትሉ ይሆናል። ያለበትማ ሰው እሱን እያየ ቤቱን ማስተካከሉ ነው። የፕላስቲክ ሣር በሜትር ተለክቶ ይሸጣል፣ ያውም በጅማ፣ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ በሆነ አገር! አንዲት ጎረቤቴ ገዝታ ሳሎኗ ውስጥ አንጥፋዋለች። ከዕጣን ማጨሻው ፍም ወድቆበት መሃሉ ቀልጦ ጥቁር ሆኗል፤ አሁን ረከቦቷን እዚያ ላይ እያስቀመጠች ትሸፍነዋለች። ይሄ ያስቃል። የማያስቀው ሌላው ነው። እሷው ድሮ ቡናው ሲደርስ በአጥር ላይ «ኑ ቡና ጠጡ» ብላ ትጣራ ነበር። አሁን «ፈንድሻም ዳቦም ሳይኖር ሰው እንዴት እጠራለሁ፣ ያሳፍራል» ትላለች። ኑሮ ተወዷል፣ አውቃለሁ። ግን አንድ ጀበና ቡናና አንድ ቁንጥር ጨው ይበቃው የነበረውን ነገር ጎዶሎ ያስባለው ማን ነው?

ፈረንጆቹ ይህን ጨዋታ ከጀመሩት ቆይተዋል። ጃፓን ውስጥ ብዙ ቤተሰብ ለገና ኬኤፍሲ የሚባለውን የአሜሪካ ድርጅት የተጠበሰ ዶሮ አስቀድሞ ያዛል፣ ይሰለፋል። የጃፓን አብዛኛው ሕዝብ ክርስቲያን እንኳ አይደለም። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ1974 በመላ አገሪቱ የማስታወቂያ ዘመቻ ከፈተ፣ ያ ዘመቻ ቀስ በቀስ ልማድ ሆነ፣ አለቀ። ደግነቱ ለጃፓኖቹ የተሸጠላቸው ያልነበራቸው ነገር ነው። እኛ የራሳችንን ነው መልሰን የምንገዛው፣ ያውም ጨውና ጎደሬው ተነስቶለት።

ቢራዎቹንም አስታውሱ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን እስኪያግድ ድረስ ዓመት በዓል በመጣ ቁጥር ጭፈራውም እንኳን አደረሳችሁውም የቢራ ነበር። ከስክሪን ወረደ፣ ከመንገድ ግን አልጠፋም። መንገድ ዳር ቡና የምታፈላ ልጅ ጥላዋ የቢራ ነው፣ ደንበኛዋ የሚቀመጠውም የቢራ ሳጥን ላይ ነው። እሷን አልወቅስም፤ ጥላው ከዝናብ ይከልላታል፣ የጅማን ዝናብ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ለቅሶ ቤት እንኳ አሁን አሁን በእሽግ ውሃ ካልተያዘ ባዶ እጅ እንደመሄድ እየተቆጠረ ነው። ንፍሮ ይዞ የመጣ ሰው ጥግ ይዞ ይቀመጣል።

ባህል አይለወጥ አላልኩም። ስኳሩም ራሱ ቡናችን ውስጥ በኋላ የገባ ነው፣ እኔም ሁለት ማንኪያ አደርጋለሁ። ነገር ግን ስኳሩን ወደነው ነው ያስገባነው፤ ያለ ስኳር ቡና የሚያቀርብ ሰው ባህሉን አያውቅም ያለን አልነበረም።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ማስታወቂያ ከሌላው የሚዲያ ይዘት በግልጽ ተለይቶ እንዲቀርብ ያዛል። ያ ገጽ አናቱ ላይ «ማስታወቂያ» የሚል ቃል ያስፈልገው ነበር። አንድ ቃል ናት፣ ቦታም አትፈጅባችሁም። ከዚያ በተረፈ ስለ ቡና መጻፍ ስትፈልጉ ፎቶውን ከሻጭ ድርጅት አትቀበሉ፣ ዘጋቢ ላኩ። ወደ ጎማ፣ ወደ ሊሙ፣ ወይ እዚሁ ከተማ ውስጥ የፈለገው ቤት ይግባ፤ የሚመልሰው የለም። ጠዋት ቢመጣ ይሻለዋል፣ ቄጠማ ይነጠፍልኝ ካላለ በቀር አቦሉ ላይ ይደርሳል።

አንባቢያችሁ፣ ከጅማ