የምክር ቢሮው ቤት ሲቀይር

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

በሰፈራችን በነፃ የምክር አገልግሎት የሚሰጠው ቢሮ ባለፈው ቅዳሜ አዲስ ቤት ገባ። የምጽፈው ላገዙን ሰዎች ምስጋናዬን እንድታደርሱልኝ ነው። እኔ እዚያው በበጎ ፈቃድ እንግዳ ተቀባይ ነኝ።

የድሮው ቤት ክፍሎቹን የሚለያቸው ኮምፖርሳቶ ብቻ ነበር። ውስጥ የሚያለቅስ ሰው ውጭ ተራ ለሚጠብቀው ይሰማል። በእንዲህ ያለ ቤት ማን ገበናውን ያወጣል? አዲሱ ቤት ግድግዳው ብሎኬት ነው። ምክሩን የጨረሰ ሰው የሚወጣበት በርም ለብቻው አለ፤ ጎረቤት ከጎረቤት ፊት ለፊት አይገጣጠምም። ለእኔ ከቀለሙም ከወንበሩም ይህ በር ይበልጥብኛል።

ዕድራችን ወንበር አዋሰን፤ የሰፈሩ ወጣቶች ግድግዳውን ቀቡ። ጫኝና አውራጆቹ እንኳ (በዋጋ ስንቱን ያስለቀሱት!) አምስት ሳንቲም አልጠየቁም። የተገልጋዮች ፋይል የተቆለፈበትን ካቢኔ ግን የተሸከሙት አማካሪዎቹ ራሳቸው ናቸው። ልክ ናቸው፤ ምስጢር በሰው እጅ አይዞርም።

አማኑኤል ሆስፒታል ለረጅም ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ነበር። ሰው ግን እስኪብስበት ጠብቆ እዚያ መሰለፍ የለበትም። ሐዘንም የትዳር ጭቅጭቅም በቅርብ ሰሚ ሲያገኝ ቀለል ይላል። ጠበል የሚሄደውም ይሂድ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

አሁን የጎደለን ሮቶና ለልጆች ክፍል የሚሆን ምንጣፍ ነው። ያለው ሰው ብቅ ይበል፤ ቡና አይጠፋም።

ከበጎ ፈቃደኞቹ አንዷ
ኮልፌ፣ አዲስ አበባ