መላጊያዎን ለልጅ ልጅዎ ይስጡልኝ

ይድረስ ለማከብርዎና ለምወድዎ አባቴ፤ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን።

ባለፈው በስልክ የልጅ ልጅዎ ቴክኒክና ሙያ ሊገባ መሆኑን ስነግርዎ ጥቂት ዝም ብለው «እንግዲህ ካልሆነለት ምን ይደረጋል» አሉኝ። በእንጨት ሥራ አምስታችንን አሳድገው ያስተማሩ እርስዎ ይህን ማለትዎ እንቅልፍ ስለነሳኝ ነው ብዕር ያነሣሁት።

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ወስደው 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 ከመቶ። አብዛኞቹ የቀሩት አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ደብተር ይዘው ተመላልሰው መጋዝ እንኳ ሳይጨብጡ ነው ወደ ቤታቸው የተመለሱት። እርስዎ የተማሩበት ኮምፕሬሄንሲቭ ትምህርት ቤት ግን ከቀለሙ ጎን የእንጨትና የብረታ ብረት ሥራ ያስተምር ስለነበር፣ መላጊያ መጀመሪያ የያዙት እዚያው እንደሆነ ደጋግመው አጫውተውኛል።

ትዝ ይልዎታል? የበር ፍሬም ሲገጥሙ በአንዱ ጎን 60፣ በሌላው 80 ሳንቲ ሜትር ላይ ምልክት አድርገው፣ ሰያፉ 100 ካልመጣ ማዕዘኑ ተዛንፏል ብለው እንደገና ይፈቱት ነበር። እኔ ሜትሩን ይዤ፣ ሰጋቱራው ፀጉሬ ላይ ተነስንሶ፣ አይ ነበር። ያንኑ ነገር ክፍል ውስጥ በቀመር ስንማር ለምን እንደሚጠቅም ከመካከላችን የገባው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ የገባኝም ከእርስዎ እጅ ነው።

አፄ ምኒልክ ባለእጅን በሥራው መስደብ እንዲቀር በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ ከልክለው ነበር፤ እኛ ግን ስድቡን ትተን ሙያን የወደቀ ልጅ መጠጊያ አደረግነው። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት 7ኛና 8ኛ ክፍል የሙያ ትምህርት መግባቱ ደስ ቢያሰኘኝም፣ የትንሹን ልጄን ትምህርት ቤት ስጠይቅ መጽሐፍ እንጂ አንዲት መዶሻ አላገኘሁም። መዶሻ ሳይዝ ሚስማር መምታትን የሚማር የለም። በዚያ ዕድሜ ወርክሾፕ ቢገባ ኖሮ፣ ትልቁ ልጄ ዛሬ ወደ እንጨት ሥራ የሚሄደው ወድቆ ሳይሆን መርጦ ነው ይባልለት ነበር።

ደግሞም መርጦ ነው፣ አባቴ። ክረምቱን ከሰፈራችን አናጢ ዘንድ እየዋለ የዋንዛ በርጩማ ሠርቶ አምጥቶልኛል፤ አንዱ እግሩ ትንሽ ቢያጥርም ከተቀመጥኩበት አልነሣም።

ለፋሲካ ልጁን ይዤ እመጣለሁ። ከአልጋዎ ሥር ካለው ሣጥን መላጊያዎን አውጥተው በእጅዎ ይስጡልኝ፤ ስለቱ እንዴት እንደሚሳልም ያሳዩት።

አክባሪ ልጅዎ