«ሽቶርክ» ያላችሁት አውሮፕላን አፍንጫው ክብ ነው

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው እትማችሁ ፈረንሳይ ውስጥ የተነሳ የአንድ አሮጌ አውሮፕላን ፎቶ አይቻለሁ። ነጭ ቀለም ተቀብቷል፣ እግሮቹ ረጃጅም ናቸው። ከሥሩ «የጀርመን ጦር ቃኚ አውሮፕላን፣ ሽቶርክ፣ አሁን ለሲቪል አገልግሎት የዋለ» ይላል። በጣም ደስ ብሎኝ ነው ያየሁት፣ ግን ስሙ ልክ አይደለም።

የምኖረው ፓሪስ አካባቢ ነው። የፈረንጆቹ ጰራቅሊጦስ ሲደርስ ላ ፈርቴ አሌ የሚባል ቦታ የአሮጌ አውሮፕላኖች ትርኢት ስላለ እሄዳለሁ፤ እንደዚህ ያለውን አውሮፕላን እዚያ በቅርብ ቆሜ አይቼዋለሁ።

መሳሳታችሁ አይገርመኝም። ክንፉ ከላይ ነው፣ መስኮቶቹ ደግሞ ከአካሉ ወደ ውጭ አብጠው የወጡ ናቸው፤ ይሄ የተደረገው ቃኚው ተቀምጦ በቀጥታ ወደ ታች መሬቱን እንዲያይ ነው። በክንፉ የፊት ጠርዝ ከዳር እስከ ዳር ነፋስ የሚያሳልፍ ክፍተት አለ። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር አካባቢ እየበረረ እንኳ የማይወድቀው በሱ ምክንያት ነው። ይሄ ሁሉ የፊዝለር ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1936 ያበረረው የሽቶርክ መልክ ነው። ሙሶሊኒን፣ ያንን በአባቶቻችን ላይ መርዝ ያዘነበውን ሰው፣ እ.ኤ.አ. መስከረም 12 ቀን 1943 ከታሰረበት ከግራን ሳሶ ተራራ ይዞት የወጣው ሽቶርክ ነው። ስለዚህ ብዙ ሰው የሚያውቀው ይሄንኑ ስም ነው።

አፍንጫውን ግን እዩት። የጀርመኑ ሽቶርክ አርገስ የሚባል ባለ 8 ሲሊንደር ሞተር ነበረው፤ ሲሊንደሮቹ ወደ ታች የተዘቀዘቁ ስለሆኑ አፍንጫው ጠባብና ሹል ነው። የእናንተው ክብ ነው፣ ሲሊንደሮቹ እንደ ጎማ ራጂ ዙሪያውን የተሰደሩ። እንዲህ ሆኖ ከፋብሪካ የወጣ የጀርመን ሽቶርክ የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጀርመን ፈረንሳይን ይዛ በነበረበት ጊዜ ሽቶርክ ፓሪስ አጠገብ ፒቶ ላይ በሞራን ሶልኒዬ ፋብሪካ ይሠራ ነበር። ጀርመኖቹ ሲባረሩ ፈረንሳዮቹ ሥራውን አላቆሙም። ለራሳቸው ጦር ቀጠሉበት፣ ስሙንም ክሪኬ አሉት። ሽቶርክ ማለት ሽመላ ነው፣ ክሪኬ ደግሞ አንበጣ። የመጀመሪያዎቹ፣ ኤምኤስ 500 የሚባሉት፣ ያንኑ የአርገስ ሞተር ይዘው ወጡ፤ ስለዚህ አፍንጫው ሹል የሆነ ሁሉ ጀርመን ነው ማለትም አይቻልም። በኋላ ግን ክብ ሞተር ተገጠመላቸው።

እነዚህ አውሮፕላኖች ፈረንሳይ ኢንዶቻይና (ቬትናምና አካባቢዋ) ባደረገችው ጦርነት ላይ ሲቃኙና ቁስለኛ ሲያወጡ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ ብዙዎቹ የበረራ ክለቦች እጅ ገቡ። እዚያ የሠሩት ሥራ ነው እኔን የሚማርከኝ። ሞተር የሌላቸውን ግላይደሮች በገመድ እየጎተቱ ሰማይ ላይ ያወጡ ነበር። በጣም ቀስ ብሎ መብረርና በአጭር ሜዳ መነሳት የሚችል አውሮፕላን ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ያህል ነው። አንዳንዶቹ ደግሞ ለትርኢት ሲባል የጀርመን ምልክት ተቀብተዋል፤ ለዚህ ነው ቀለም አይታመንም የምለው። የሚታመነው የሞተሩ ዓይነትና አካሉ ላይ የተመታው የፋብሪካ ቁጥር ነው።

«ያው አንድ ዓይነት አይደሉም እንዴ?» የሚል አይጠፋም። ለእኔ አይደሉም። ጀርመን ብላችሁ ስትጽፉ የፒቶ ሠራተኞች ሥራ ይጠፋል፣ ከጦርነቱ በኋላ የኖረው ያ ሁሉ ዘመንም ይጠፋል። እኛ ደግሞ ይሄ ሊገባን ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1935 አገራችን የተሠራችው «ፀሐይ» የተባለችው አውሮፕላን ጣሊያን ሙዚየም ውስጥ ስንት ዘመን ቆማ በ2024 ተመልሳ ስትመጣ አልቅሻለሁ።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። ፎቶው ሲታተም ጭራው ተቆርጧል፣ ፕሮፔለሩም የሞተሩን ግማሽ ከልሎታል። ሙሉው ፎቶ፣ ወይም ፎቶ አንሺው ከጎን ያነሳው ካለ፣ ብትልኩልኝ ሲሊንደሮቹን እቆጥራቸዋለሁ። 9 ከሆኑ ሞተሩ የፈረንሳዩ ሳልምሶን ነው፣ አውሮፕላኑም ኤምኤስ 502 ነው። 7 ከሆኑ ግን የአሜሪካው ጃኮብስ ነው፣ ያን ጊዜ ኤምኤስ 505 ብላችሁ አርሙት። እኔ 7 ይመስለኛል።

አክባሪያችሁ፣
ከፓሪስ አካባቢ